ሐኪም ሕመምተኛውን ስለሚጠይቅበት ቃል

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ወደ ቤተ ሳይዳ መጠመቂያ በመጣ ጊዜ 38 ዓመት በደዌ የኖረውን ሰው አገኘ። የሕመሙን ዘመን ዐውቆ ሳለ፥ አስቀድሞ መዳን ይወድ እንደ ኾነ ጠየቀው (ዮሐ. 5፥6)። ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር አምላክ መጠየቅ ስለ ምን አስፈለገው? ሕመምተኛው ይናገር ዘንድ ነው እንጂ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ያም ሰው በተጠየቀ ጊዜ የነገረው ስለ ደዌው ሳይኾን ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው ስለ ማጣቱ ነው።

ሐኪም ሥጋን መርምሮ ያውቃል፤ በልብ የተሰወረውን ግን ካልጠየቀ ከወዴት ያገኘዋል? የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ሕመምተኛው ግን ሳሉ ጋብ ሲልለት ድኛለሁ ብሎ ይተወዋል፤ ተሐዋስያኑም መድኃኒቱን ይለምዱትና ሕመሙ ጸንቶ ይመለሳል። ሐኪሙ በቍጣ «መድኃኒቱን ትወስዳለህ?» ቢለው መልሱ «አዎን ጌታዬ» ነው። በተከበረ ሰው ፊት «አልወሰድሁም» ማለት በእኛ ዘንድ እንደ ድፍረት ይቈጠራልና። (የልጅ ልጁ የሚያህል ሐኪም ሽማግሌውን «አንተ» ማለቱንስ ምን እንበለው?) «መድኃኒት በየቀኑ መዋጥ ማንንም ያሰለቻል፤ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ሳይወስዱት ቀሩ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን እውነቱን በሰማ ነበር።

ፀበል የሚጠጣውም እንዳይሳቅበት ፈርቶ ይሰውራል፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል የሚገባ ይመስለዋል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ፀበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይህን ፍርሃት ለማራቅ ነበር። ሐኪሙ ፀበሉን ሳይነቅፍ ቢጠይቅ ሕመምተኛው መድኃኒቱን አይሸሽም።

ይህ ለሐኪሞች ብቻ የተነገረ አይደለም። በዐቢይ ጾም «ጧት ከምግብ ጋር» ተብሎ የታዘዘለት ምእመን ጾሙን እንዳይሽር መድኃኒቱን እስከ 9 ሰዓት ያቈየዋል፥ ወይም ጨርሶ ይተወዋል፤ ይህንም ለሐኪሙም ለነፍስ አባቱም አይነግርም። ቤተ ክርስቲያን ግን ሕሙማንን በጾም አታስገድድም። ስለዚህ የነፍስ አባት የንስሐ ልጁን ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ የመድኃኒቱን ሰዓት ይጠይቀው፥ በራስጌው ያለውንም ብልቃጥ ይመልከት፥ ሳይፈራ እንዲመገብም በገዛ አፉ ይፍቀድለት።