ስለ መንገደኛ ጫማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የገዳም ጉዞ በታሰበ ቍጥር በእኛ በወጣቶች መካከል የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። አንዳንዶቻችን «አባቶቻችን በባዶ እግራቸው የወጡትን ተራራ እኛ ወፍራም ከስክስ አድርገን ብንወጣው በረከቱ ይጐድልብናል» እንላለን። አሳቡ ከመንፈሳዊ ቅንዓት የመጣ ስለ ሆነ ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን መጻሕፍትን እንመርምር። ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘው በተቀደሰው ስፍራ ሲቆም ነው (ዘፀ. 3፥5)። እስራኤል ግን ከግብፅ ሊወጡ ፋሲካውን ሲበሉ ጫማቸውን ተጫምተው እንዲበሉ ታዝዘዋል (ዘፀ. 12፥11)። ጴጥሮስንም ከወኅኒ ያወጣው መልአክ እንዲጫማ አዝዞታል (ሐዋ. 12፥8)። ስለዚህ በመቅደስ ማውለቅ፥ በመንገድ መጫማት ሁለቱም በትእዛዝ የሆኑ ናቸው። በዚያም ላይ በደጋው ቀይ አፈር ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ የሚሄድ ገበሬ በዝሆኔ በሽታ እግሩ ሊያብጥ እንደሚችል፥ ጫማም ይህን እንደሚከላከል ሐኪሞች ያስተምራሉ። ያ ገበሬ ያለ ጫማ የሚሄደው መርጦ አይደለም፤ የእርሱን ችግር እኛ ለአንድ ቀን ተውሰን ተጋድሎ ብንለው ያስተዛዝባል።

ጫማ ይገባል ካልን ታዲያ የትኛው? ዝቋላን በመሰለ ተራራ ሽቅቡ ትንፋሽን፥ ቍልቍለቱ የእግር ጣትን ይፈትናል። ገበያ ስንወርድ ዓይናችን የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚያብረቀርቀው ቆዳው ሳይሆን በላዩ የተለበጠው ፕላስቲክ ነው። እውነተኛው ቆዳ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ደቃቅ መስመር እያወጣ ይሸበሸባል። ሶሉም በማስቲሽ ብቻ ከተጣበቀው ይልቅ ዙሪያውን በክር የተሰፋው ይሻላል፤ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ፈትቶ ሌላ ሊያደርግለት ይችላልና። ልኩን ወደ ማታ መሞከር ይገባል፤ እግር ቀኑን ሲቆምበት ውሎ ያብጣል። በጉዞው ቀን የምናደርገውንም ወፍራም ካልሲ ይዘን እንሂድ። ማሰሪያው ሳይታሰር እግርን ወደ ፊት እስከ ጫፍ ገፍተን ከተረከዝ በስተኋላ አንድ ጣት ከገባ፥ ቍልቍለት ላይ ጣቶቻችን ከጫፉ ጋር አይጋጩም። ከታሰረ በኋላ ተረከዛችን ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ዋጋው ምንም ቢረክስ ይቅር። «ሲለመድ ይሰፋል» የሚለውን የነጋዴ ቃል በግማሽ ብቻ እንመን፤ ቆዳ በጎን ይለጠጣል እንጂ በርዝመት አያድግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲወጣ ሳኦል የራሱን የጦር ልብስ አስታጠቀው። ዳዊት ግን አስቀድሞ ስላልተለማመደው አወለቀው (1ኛ ሳሙ. 17፥39)። ልብ በሉ፤ ልብሱ የንጉሥ ነው፥ መጥፎ ሊሆን አይችልም። ጉድለቱ ለዳዊት እንግዳ መሆኑ ብቻ ነበር። ሻምበል አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ሲሮጥ፥ እዚያው የገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ስለ ጎዳው ትቶት በለመደው ባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ጫማን ንቆ አለመሆኑ የሚታወቀው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ተጫምቶ ደግሞ ማሸነፉ ነው።

እንግዲህ አዲስ ከስክስ በጉዞው ማለዳ ከካርቶኑ አይወጣም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማታ ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ይደረግ፤ ቀጥሎ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መልስ፤ ከዚያም ሸክም ይዞ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም። ልጆች ሳለን እናቶቻችን የዐቢይ ጾምን 55 ቀን በአንድ ጊዜ አላሸከሙንም። አንድ ዓመት እስከ ሦስት ሰዓት፥ በሌላው ዓመት እስከ ስድስት ሰዓት እያሉ አለመዱን። ቆዳና እግርም የሚስማሙት እንዲሁ በሳምንታት ነው። አንድ ስፍራ ማቃጠል ሲጀምር ውኃ እስኪቋጥር አንጠብቅ፤ ወዲያው ቁጭ ብሎ ፕላስተር መለጠፍ ነው። በዚህ ጊዜ «ልታገሥ» የሚል ወንድም ማታ ጓደኞቹን ሸክም ያደርጋቸዋል።

ቶሎ እንዲለሰልስ ብለው ጫማውን ውኃ ነክረው እሳት ዳር የሚያደርቁ አሉ። ይህ ቆዳውን ያሰነጥቃል፥ ማስቲሹንም ያላቅቃል። በዝናብ የራሰ ጫማ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት በጥላ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ጥቂት የጫማ ቅባት ይበቃዋል።

የአንድ ጥንድ ዋጋ ለተማሪ ከባድ መሆኑን አንዘነጋም። በየቤታችን አልጋ ሥር የተቀመጠ ከስክስ ካለ ልኩ ለሆነ ወንድም ወይም እኅት እንስጥ። ነገር ግን ያገለገለ ጫማ የቀድሞ ባለቤቱን የእግር ቅርጽ ይዞ ስለሚኖር፥ ለአዲሱም እግር እንደገና መለመድ አለበት። ስለዚህ ሰጪው በጉዞው ዋዜማ ሳይሆን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ያምጣው፤ ወፍራም ካልሲ ቢጨምርበት ደግሞ እሰየው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።