የአደራ ደብዳቤ

ልጄን ለማየት የምጠይቅበትን የመጀመሪያ ደብዳቤ በሪኮማንዴ የላክሁ ዕለት፣ ከፖስታ ቤት የወጣሁት አንገቴን ደፍቼ ነበር። ከልጄ እናት ጋር ከተለያየን አራት ወር ሆኖናል። ሁለታችንም የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው፤ ከቤቴ እስከ ቤቷ በእግር ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ስደውልላት «ዛሬ አይመቸንም» ትለኛለች። ሽማግሌ ሲገባ «እሺ» ትላለች። ቅዳሜ ስሄድ በሩ ዝግ ነው። የአገሬ ልጅ የሆነ ጠበቃ ሳማክር፣ «ጠየቅሁ ማለት አይበቃም፤ መጠየቅህን የሚያሳይ ነገር ያዝ። ቀንና ሰዓት ጠቅሰህ ጻፍ፣ ቅጂ አስቀር፣ በሪኮማንዴ ላክ» አለኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፖስታው ላይ ቁጥር ያለው ወረቀት ይለጠፋል፤ ከጀርባው አረንጓዴ ካርድ ይያያዛል። ተቀባዩ ይፈርምና ካርዷ ወደ ላኪው ትመለሳለች። ቤት ውስጥ ሰው ከጠፋ፣ ፖስተኛው ማስታወቂያ ትቶ ይሄዳል፤ ቀኑ እስኪያልፍ የሚወስደው ካልመጣ ደብዳቤው ወሳጅ እንዳላገኘ ተጽፎበት ይመለሳል። የተመለሰውንም «ሳትከፍት አስቀምጠው» ተብያለሁ። እሱም ማስረጃ ነውና።

ታዲያ ያሳፈረኝ ምን ነበር? እኔ ባደግሁበት ቤት አንድ መሶብ ቀርበው የበሉ ሰዎች በደረሰኝ አይነጋገሩም። ደረሰኝ የሚጠየቀው ነጋዴ ነው። ለዓመታት አብራኝ የኖረችን ሴት ማስፈረም «ቃልሽን አላምንም» ማለት ሆኖ ታየኝ። በሌላ በኩል ደግሞ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉትም የእኛው አባቶች ናቸው። ነገ ልጄ አድጋ «የት ነበርህ?» ብትለኝ ምን አሳያታለሁ? እንዲህ እያልሁ ራሴን አሳመንሁና በሁለት ወር ውስጥ ስድስት ደብዳቤ ላክሁ።

ዛሬ ቅጂዎቹን ሳነባቸው አንዱም ለእናቷ የተጻፈ አይደለም። ሁሉም የተጻፉት ለማላውቀው ዳኛ ነው። «ለሦስተኛ ጊዜ በጽሑፍ መጠየቄ እንዲታወቅ» የሚል ሰው ከማን ጋር ነው የሚነጋገረው? ከዚህ የከፋም አለ። እምቢታዋን መፍራቴ ቀርቶ መጠበቅ ጀምሬ ነበር። አንድ ቅዳሜ «ና ውሰዳት» ብትለኝ ኖሮ ደስ ከመሰኘቴ በፊት ፋይሌ እንደጎደለ ይሰማኝ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ስድስተኛዋ ካርድ ስትመለስ ፊርማው የእናቷ አልነበረም። የልጄ ስም፣ በዚያ ክብ ክብ ባለ የእጅ ጽሑፏ፣ በላቲን ፊደል ሰፍሮበታል። የአሥር ዓመት ልጄ በር ከፍታ፣ ስለ ራሷ የተጻፈውን ክስ መሰል ወረቀት ፈርማ ተቀብላለች። በእሷ ጉዳይ ሁለታችን ስንጻጻፍ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ምስክር ግን አደረግናት።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 9፣ ከወላጁ የተለየ ልጅ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር በየጊዜው የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የእኛው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ም፣ ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን ወላጆችና ልጆች የሚጠያየቁበትን መብት አብሮ እንዲወስን ያዛል። በስምምነቱ መብቱ የልጁ ነው። እኔ ግን በስድስቱም ደብዳቤ «መብቴ» እያልሁ ነበር የጻፍሁት።

መጻፉን ልተው? አልተውሁም። ደረሰኝ ባይኖር ኖሮ «ልጁን ፈልጎ አያውቅም» ተብሎ የሚቀር አባት አለ። «እመጣለሁ» ብሎ ያልመጣን አባት ቃል በወረቀት ይዛ እውነቷን የምታሳይ እናትም አለች። ነገር ግን በዚያው አረንጓዴ ካርድ፣ ከዱላ ሸሽታ የወጣችን ሴት በየሳምንቱ በሯ ድረስ የሚያሳድድ ሰውም ሊኖር ይችላል። ካርዷ እኒህን አትለይም። የምትመሰክረው ፖስታው መድረሱን ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው ልመና ይሁን ዱላ አታውቅም። ያንን የሚያውቀው ጸሐፊው ነው።

ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ፊቷ ላነበው የማልደፍረውን ቃል አልጽፍም። ሰባተኛው ደብዳቤ አራት መስመር ነበር። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ልወስዳት እፈልጋለሁ። ካልተመቻችሁ የሚመቻችሁን ቀን ጻፊልኝ። ሳሏ ተሻላት? አንቺስ ደኅና ነሽ?» ይላል። ከእናቷ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ ተጨማሪ ከፍዬ ላክሁት።

አገራችን ይህን ዓይነቱን መልእክት የአደራ ደብዳቤ ትለዋለች። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ ብሰማውም፣ አደራው ወረቀቱ እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ካርዷ በእናቷ ፊርማ ተመልሳለች። መልስ ገና አልመጣም። ስምንተኛውን እየጻፍሁ ነው።