የተቀበረ መክሊት፣ የተቀበረ ቆጮ

ንባቡ ማቴዎስ ምዕራፍ 25 ነው፤ ጌታው ለሦስት አገልጋዮቹ አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት ሰጥቶ ሄደ። ሁለቱ ነግደው አተረፉ፤ ባለ አንዱ ግን መሬት ቆፍሮ ቀበረ። ዛሬ «መክሊቴን ገና አላገኘሁም» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ የተፈጠረበትን ዓላማ እንደ ጠፋ ዕቃ ይፈልገዋል። ባለ አንዱ ግን መክሊቱ አልጠፋበትም፤ በእጁ ተቀብሎታል፣ የቀበረበትንም ስፍራ ያውቃል። ታዲያ የጠፋው ምንድን ነው ቢሉ፦

የጠፋው የሰጪው ጠባይ ነው። አገልጋዩ ሲጠየቅ ጌታውን ጨካኝ አድርጎ አስቦ፣ ፈርቶ እንደቀበረ ተናገረ። ሰጪውን ጨካኝ ያለ፣ ስጦታውን ወጥመድ ያደርገዋል። ስለዚህ ክርስቲያን ዓላማውን ማወቅ የሚጀምረው «የሰጠኝ ማን ነው?» ብሎ ነው። አንድ መክሊት ትንሽ ናትና ቢቀብራት ምን ይደንቃል ቢሉ፣ ትንሽስ አልነበረችም። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ነው፤ ዲናርም የሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር፤ አንድ ቀን ሳያርፉ ከ16 ዓመት በላይ ቢሠሩ የሚገኝ ገንዘብ ነው። ደግሞም ለባለ አምስቱና ለባለ ሁለቱ የተነገረው ምስጋና አንድ ዓይነት ነው፤ የሚመዘነው ታማኝነት እንጂ ብዛት አይደለም።

አንድም ጥፋቱ በአቀባበሩ ነው። ይህን በጉራጌ አገር የእምድብር ሰው ያውቃል። የቸሃ እናቶች ለዓመታት የጠበቁትን እንሰት ቆርጠው ይፍቁታል፤ የተፋቀውንም ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ከተው፣ ኮባ አልብሰው ድንጋይ ይጭኑበታል። ግን አይረሱትም፤ እየከፈቱ ያገላብጡታል፣ ኮባውን ይለውጡለታል፤ ሲበስል ቆጮ ሆኖ ይወጣል። የእንሰቱም ሥር እምብርቱ ተቦርቡሮ ሲቀበር ከአንዱ ብዙ ቡቃያ ይበቅላል። እንግዲህ ሊበስል የሚቀበር አለ፣ እንዳይነካ የሚቀበርም አለ። እናቱን እያስታመመ ዓመታት ያለፉበት ልጅ መክሊቱን ቀበረ አይባልም፤ በመብሰል ላይ ነው። ስንፍናን ትዕግሥት ብሎ ለመሸፈን ይመቻል ቢሉ፣ መለያው ቀላል ነው፤ ታጋሽ ጉድጓዱን ይከፍታል፣ ሰነፍ ይረሳዋል።

አንድም መክሊት የተሰጠው ለሌላ ሰው ነው። ማትረፍ ማለት ገንዘብ ማካበት ነው ቢሉ፣ ምዕራፉ ራሱ ይመልሳል። ከምሳሌው ቀጥሎ ባለው ፍርድ የሚጠየቀው ስለ ተራበ፣ ስለ ተጠማ፣ ስለ እንግዳ፣ ስለ ታረዘ፣ ስለ ታመመና ስለ ታሰረ ነው፤ ስድስቱም ከራስ ውጭ ናቸው። ለምሳሌ በዚያው በቸሃ፣ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በምታስተዳድረው አጣጥ ሆስፒታል፣ ቤታቸው የራቀ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይጀምራቸው መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ ከተሠራ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሟ ሙያዋን፣ ምግብ አብሳይዋ እጇን፣ ጠራጊው ጉልበቱን ያመጣል፤ ትርፉ በሰላም የተገላገለች እናት ናት። ዓላማ እንዲህ ባለ ስፍራ ይታያል፤ ሰው ለብቻው ተቀምጦ ቢያሰላስል ግን አያገኘውም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መክሊቴ ወዴት ነው ብለህ አገር ከመዞርህ በፊት የቀበርኸውን ቆፍረህ አውጣ። ጌታው ገና አልተመለሰም፤ ለመነገድ ጊዜ አለ።