ስታንዳርድ ላይብረሪው ሲከሰስ

-1073741511። ዊንዶውስ ላይ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚማር ሰው ይህን ቁጥር አንድ ቀን ኮድ ብሎክስ በተባለው የኮድ መጻፊያ ውስጥ ሳያየው አይቀርም። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ኤረር ኮምፓይል ሆኗል። ሲያስነሱት ግን ጥቁሩ መስኮት ይከፈትና ይህን አሉታዊ ቁጥር ጥሎ ይቆማል። ተማሪው ኮዱን ደጋግሞ ያነባል። አምስት መስመር ነው፤ ስምና የአባት ስም አያይዞ ከማተም በቀር ሌላ ሥራ የለውም። የሚታይ ጥፋት የለበትም። «እንግዲያው ጽሑፉን የሚይዘው ስትሪንግ የሚባለው ነገር ራሱ ባግ አለበት» ብሎ ይደመድማል።

ይህ ፍርድ ቸኩሏል እንጂ የሞኝ ፍርድ አይደለም። ተማሪው ሦስት ተጠርጣሪዎችን አሰልፏል፦ የራሱን ኮድ፣ ኮምፓይለሩንና ስታንዳርድ ላይብረሪውን፣ ማለትም ጽሑፍ ማያያዝን፣ መደርደርን፣ ፋይል መክፈትን የመሰሉ የዘወትር ሥራዎች ቀድመው ተጽፈው ከኮምፓይለሩ ጋር የሚመጡበትን ስብስብ። ኮዱ ንጹሕ መሰለው፤ ኮምፓይለሩም አልተቃወመም፤ የቀረውን ከሰሰ። የዘለለው አራተኛ ነገር ግን አለ። እነዚህ ሦስቱ በዚህ ላፕቶፕ ላይ እንዴት ተገናኙ? ማን ጫናቸው? ከምን ቀጥሎ?

ቁጥሩ በዊንዶውስ ቋንቋ ትርጉም አለው፦ ፕሮግራሙ የሚፈልገው መግቢያ በተገኘው ላይብረሪ ውስጥ የለም ማለት ነው። «ላይብረሪው የለም» አለማለቱን ልብ ይሏል። ላይብረሪው ተገኝቷል፤ የተገኘው ግን ሌላው ነው። የሲ ፕላስ ፕላሱን ላይብረሪ የያዘው የዲኤልኤል ፋይል በአንድ ኮምፒውተር ላይ በተለያየ እትም ሁለት ሦስት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፤ ብዙ ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን ቅጂ ይዘው ስለሚገቡ። ዊንዶውስ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር፣ ቀጥሎ የራሱን የሲስተም ፎልደሮች፣ በኋላም ፓዝ በተባለው ዝርዝር ላይ ያሉትን በተራቸው ያያል፤ መጀመሪያ ያገኘውንም ያነሳል። ስለዚህ በአዲስ ኮምፓይለር የተሠራ ፕሮግራም ከአምና ሶፍትዌር ጋር የገባ አሮጌ ቅጂ ላይ ይወድቃል። ኮዱ ትክክል ነው፤ ኮምፓይለሩ ትክክል ነው፤ አሮጌው ላይብረሪም ለራሱ ዘመን ትክክል ነው። ያጠፋው በፓዝ ላይ ያለው ቅደም ተከተል ነው።

አዲስ አበባ፣ አየር ጤና አደባባይ ዙሪያ፣ የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያሉ ከሚጣሩበት ማዶ፣ ከተደረደሩት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች በአንዱ ይህን ቁጥር የያዘ ላፕቶፕ ሲቀርብ አይቻለሁ።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት እኮ ይሠራ ነበር» አለ ተማሪው።

«ቫይረስ ነዋ! ፎርማት ይደረግና እንደ አዲስ ይጫንልሃል።»

ባለሙያው አላጭበረበረም። ፎርማት ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ገንዘብም ጊዜም የሚያስወጣ ፍቱን መድኃኒት ነው። እንደ ምርመራ ከታየ ግን ከዚህ የከፋ መንገድ አላውቅም፤ ምልክቱንና ምክንያቱን በአንድ ላይ ስለሚያጠፋ ከዚያ በኋላ የሚመረመር ነገር አይቀርም። ተማሪው ቤቱ ገብቶ ያንኑ ሶፍትዌር ከዚያው ፍላሽ በዚያው ተራ ሲጭን ቁጥሩ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ በላይብረሪው ላይ ያለው ክስ ይጸናል፤ «ፎርማት አስደርጌ እንኳ አልተወኝም» የሚል ማስረጃ ተገኝቷልና። የፓዝን ዝርዝር ከፍቶ ማንበብ ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

የዚህ ዓይነት የተሳሳቱ ክሶች ብዙ ናቸው። ኮድ ብሎክስ 20.03 በሁለት ዓይነት ፋይል ይወርዳል፤ አንዱ ሚንጂደብሊው የተባለውን የኮምፓይለር ጥቅል ይዟል፣ አንዱ ባዶ የኮድ መጻፊያ ብቻ ነው። የኢንተርኔት ፓኬጁ እንዳያልቅበት የሚሰጋ ሰው የሚያነሳው ትንሹን ነው፤ ከዚያም «ኮምፓይለር አልተገኘም» ሲባል ፕሮግራሙን ያማርራል። በጃቫም አዲስ ጄዲኬ (የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ጥቅል) ኮምፓይል ያደረገውን በአሮጌ ጃቫ ማስነሳት ክላሱ የማይታወቅ እትም ነው የሚል ተቃውሞ ያመጣል። እነዚህ ብዙ አያከራክሩም።

የሚያከራክረው ሌላ ነው፦ ላይብረሪውን አስቀድመን ንጹሕ ነው ብለን የምንጀምረው በምን መብት ነው?

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ስለ ተአምር ሲጽፍ ያቀረበው ሚዛን እዚህ ይሠራል። አንድ ሰው ከተለመደው ሥርዓት የወጣ ነገር አየሁ ሲል፣ ነገሩ በእርግጥ ከመሆኑና ሰውየው ከመሳሳቱ የትኛው ይበልጥ ያስደንቃል ብለን እንመዝን ነው ነገሩ። የስታንዳርድ ላይብረሪ ስትሪንግ በዓለም ዙሪያ ለቁጥር በሚያታክቱ ፕሮግራሞች ውስጥ በየሰከንዱ ይጠራል። ይህ ሁሉ ምስክር «ሠርቶልኛል» እያለ አንድ ላፕቶፕ «አልሠራም» ካለ፣ ላፕቶፑን መጠርጠር ይቀላል። አንድሩ ሀንትና ዴቪድ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት «ዘ ፕራግማቲክ ፕሮግራመር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ በሶላሪስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ያለው «ሴሌክት» የተባለ የሲስተም ጥሪ ተበላሽቷል ብሎ ስላመነ አንድ ነባር መሐንዲስ ይተርካሉ። ሰውየው ማለፊያ መንገድ ሲጽፍ ሳምንታት ከፈጀ በኋላ ሰነዱን እንዲያነብ ሲገደድ ችግሩን በደቂቃዎች ውስጥ አገኘው።

ይህን ሚዛን እቀበላለሁ። ነገር ግን የምስክር ብዛት ብቻውን ምርመራ አይሆንም። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለው የፍልስፍና ጽሑፍ፣ ጸሐፊው ማን ነው የሚለው ክርክር ዛሬም ባይዘጋም፣ ብዙዎች የተቀበሉትን ሁሉ ሳይመረምሩ መቀበልን አጥብቆ ይቃወማል። ስለዚህ ምስክሮቹን «ስንት ናችሁ?» ብቻ ሳይሆን «በየት በኩል አለፋችሁ?» ብለንም እንጠይቅ።

ለምሳሌ ፕሮግራመሩ ጆሹዋ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የማይጠበቅ ነገር አስታወቀ። እሱ ራሱ ለጃቫ ስታንዳርድ ላይብረሪ የጻፈው፣ የተደረደረ ዝርዝርን ከመካከል እየከፈለ የሚፈልገው ባይነሪ ሰርች ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ስህተት ተሸክሞ ኖሯል። መካከለኛውን ቦታ ለማግኘት ሁለት ቁጥሮች ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ፤ ድምሩ ከ2147483647 ሲበልጥ ግን ተገልብጦ አሉታዊ ይሆናል። ይህ የሚደርሰው ዝርዝሩ ወደ አንድ ቢሊዮን ወይም ከዚያ በላይ ነገር ሲይዝ ነው። ሚሊዮኖች መስክረውለት ነበር፤ ሆኖም እዚያ ድረስ የሄደ አልነበረም ማለት ይቻላል። ምስክርነታቸው ውሸት አይደለም፤ ባላለፉበት መንገድ ላይ ግን ምንም አይናገርም።

በተጠቃሚው ጥፋትና በላይብረሪው ባግ መካከል ያለውን አስቸጋሪ ጉዳይ ከዚያው ከኮድ ብሎክስ 20.03 እናውጣ። አብሮት በሚመጣው የሚንጂደብሊው ጥቅል ውስጥ ያለው ኮምፓይለር ጂሲሲ 8.1 ነው። በዚህ እትም የፋይልና የፎልደር ሥራ የሚሠራውን «ፋይልሲስተም» የተባለ ክፍል ለመጠቀም የሞከረ ሰው ኤረር ይገጥመዋል። ጂሲሲ 8 ሳይነገረው የሚሠራው በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የሲ ፕላስ ፕላስ ደረጃ ስለሆነ፣ የ2017ቱን እንዲጠቀም አለማዘዝ የተማሪው ጥፋት ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ የፕሮግራሙን ክፍሎች ለሚያገናኘው ሊንከር ተጨማሪ ላይብረሪ ካልተጠቀሰለት «ያልተገኘ ማጣቀሻ» ብሎ ይቆማል፤ ይህም የአጠቃቀም ጉድለት ነው፤ ከጂሲሲ 9 ጀምሮ ቀርቷል። ዊንዶውስ ላይ ግን ሁሉም በትክክል ቢታዘዝም 8.1 ራሱ የላይብረሪው ፋይል ውስጥ ገብቶ ይወድቃል። ይህ የተመዘገበና በኋለኞቹ እትሞች የታረመ እውነተኛ ባግ ነው። አንድ ስም፣ አንድ ቅሬታ፣ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች። «ጥፋቱ ሁልጊዜ ከተጠቃሚው ነው» የሚለውን ሕግ በቃሉ የያዘ ሰው በዊንዶውሱ ጉዳይ ቀናት ሙሉ ራሱን ሲመረምር ይከርማል። መለያው ቀላል ነበር፦ ኮዱን ሳይነኩ የኮምፓይለሩን እትም ብቻ መለወጥ።

አንዱን ብቻ መለወጥ የሚለው ሥርዓት የት እንደሚያደርስ ያሳየው የሂሳብ ፕሮፌሰሩ ቶማስ ናይስሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የጥንድ ፕራይም ቁጥሮችን ሲያሰላ የማይስማማ ውጤት አገኘ። ወዲያው ኢንቴልን አልከሰሰም። ፕሮግራሙን፣ ኮምፓይለሩን፣ የማሽኑን ሌሎች ክፍሎች አንድ በአንድ እያወጣ ወራት ከፈጀ በኋላ የፔንቲየም ቺፕ ራሱ በማካፈል ላይ እንደሚሳሳት አረጋገጠ። ኢንቴል በዚህ የተነሳ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መመዝገቡ ይታወቃል። ፕሮፌሰሩም ቺፑን ከመክሰሱ በፊት ራሱን ሊያምን የሚችልበትን ሥራ ሁሉ ሠርቶ ነበር።

አሁን ወደ እኛ መንገድ እንምጣ፤ የእኛ መንገድ ብዙ ምስክር የለውምና።

አንድ የአየር ጤና ፕሮግራመር ጎ በተባለው የጉግል ቋንቋ የሱቅ ደረሰኝ የሚያትም ፕሮግራም ጻፈ እንበል። ላይብረሪውን የ«አፍሪካ/አዲስ አበባ» ሰዓት ይጠይቀዋል። በራሱ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። በደንበኛው ዊንዶውስ ላይ ግን «የማይታወቅ የሰዓት ክልል» ይላል። አዲስ አበባ እንዴት አትታወቅም? ላይብረሪው ረስቶን ይሆን? አልረሳንም። የሰዓት ክልሎች መዝገብ ከላይብረሪው ውጭ ያለ ፋይል ነው፤ ጎ ሲጫን አብሮ ስለሚገባ በፕሮግራመሩ ማሽን ላይ ተገኘ፤ ጎ በሌለበት በደንበኛው ዊንዶውስ ላይ ታጣ። በፓይተንም ከ3.9 ጀምሮ ያለው «ዞንኢንፎ» ዊንዶውስ ላይ መዝገቡ ለብቻው ካልተጫነለት ያንኑ ይላል። ብዙዎቻችን በግሪንዊች ሰዓት ላይ ሦስት ሰዓት በእጅ ደምረን እናልፈዋለን። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በየወቅቱ ስለማትለውጥ ድምሩ ትክክል ይወጣል፤ ምክንያቱ ግን ሳይታወቅ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «የፕሮግራመሩ ጥፋት ነው፤ ሰነዱ መዝገቡ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል» ይለኝ ይሆናል። በቃሉ ትክክል ነው። ሆኖም የጎ ሠሪዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 በወጣው 1.15 እትም መዝገቡን ፕሮግራሙ ውስጥ አሽጎ መላክ የሚያስችል ክፍል ጨመሩ። ብዙ ጠንቃቃ ሰው በአንድ ቦታ ከተሰናከለ፣ «የመጫን ስህተት» የምንለው ነገር ግማሹ የሠሪው ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ የሚጠነክረው የስም ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ የተጠቃሚ ስም በግእዝ ፊደል እንዲጻፍ ይፈቅዳል። ለአሮጌ ፕሮግራሞች ግን ስሙን የሚያስተላልፈው ኮድ ፔጅ በተባለ ሰንጠረዥ ነው፤ ለሩሲያኛ 1251፣ ለዓረብኛ 1256 አለ፤ ለአማርኛ ግን የለም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ሲሆን ዊንዶውስም የሚያውቀው በዚያ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ በአሮጌው መንገድ የሚሄድ ኮምፓይለር የተማሪውን ፎልደር የጥያቄ ምልክት ሰልፍ አድርጎ ያየውና ጊዜያዊ ፋይሉን የሚጽፍበት አጥቶ ሊቆም ይችላል። ይህን «የመጫን ስህተት» ይሉታል። እኔ አልለውም። ላይብረሪው ንጹሕ ነው፤ ተማሪውም የተፈቀደለትን ነው ያደረገው፤ ጥፋተኛው ስም ሁሉ በአንድ ጠባብ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገኛል ብሎ የገመተው ሠሪ ነው። («ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመት ሲጠየቅ ስትሪንግ 9 ማለቱ ግን ባግ አይደለም፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ስለሚይዝ ነው። ስትሪንጉ የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም።)

የሂዩም ሚዛን ስለዚህ በሁሉም ቦታ እኩል አይመዝንም። ዓለም በሚያልፍበት መንገድ፣ ስም አያይዞ በማተም፣ ቁጥር በመደርደር፣ መጀመሪያ ራስን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ፓዙን ይዩ፣ እትሙን ይጠይቁ። በግእዝ ፊደል፣ በአዲስ አበባ ሰዓት፣ በዘመን አቆጣጠራችን በኩል ስንሄድ ግን ምስክሩ ጥቂት ነው፤ እዚያ «ሚሊዮኖች ተጠቅመውበታል» የሚለው ቃል ክብደት የለውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ብዙ ወጣቶችን ወደዚህ መንገድ ያወጣል፤ ለሚገጥማቸው ኤረር ሁሉ ፎርማትን መፍትሔ አድርገን ከሰጠናቸው ምስክርነታቸውን አብረን እንደመስሳለን።

የጂሲሲ ሠሪዎች ባግ የሚያመለክትን ሰው በዋናነት የሚጠይቁት ብዙ አይደለም፦ የኮምፓይለሩ እትም፣ የኮምፒውተሩ ዓይነት፣ የተሰጠው ሙሉ ትእዛዝ፣ የወጣው መልእክትና ችግሩን የሚያሳየው ኮድ። በላብራቶሪም በጥገና ቤትም የምትሠሩ፣ የተጠቃሚ ስሙን በአማርኛ የጻፈ ተማሪ ሲመጣባችሁ «ስምህን በእንግሊዝኛ ቀይር» ብላችሁ ብቻ አትሸኙት፤ እነዚህን አምስት ነገሮች መዝግቡና ለሠሪዎቹ ላኩ።