ከመድረኩ በፊት ሳሩን

ልጄ፣ የላክሽልኝን ዕቅድ ደግሜ አነበብኩት። አጋርፋ ላይ በጸደይ ወራት ለ3 ቀን የሚቆይ የባህል ሙዚቃና የእደ ጥበብ ሥልጠና፤ ሠልጣኞቹ የሮቤና የጎባ ወጣቶች፣ እንግዶቹ የባሌ ተራሮችን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ የሚወራው ሁሉ ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ደጋ አጋዘኑ ነው። እንግዳው ዲንሾ ያድራል፣ ሳነቴ ላይ ፎቶ ይነሣል፣ በደሎ መና በኩል ወርዶ ይሄዳል። ከሰዉ ጋር ሳይተዋወቅ ይመለሳል። አጋርፋ ደግሞ ከዚያ መንገድ ገለል ያለች ስለሆነች ስሟን እንኳ አይሰማም። ይህን ክፍተት ማየትሽ መልካም ነው። ቅር ያለኝ ዕቅድሽ ከመድረክ፣ ከድምፅ ማጉያና ከድንኳን ኪራይ መጀመሩ ነው። እኔ ከሳር ጀምሪ እልሻለሁ።

አያትሽ ስፌት ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ አይተሻል። ስንደዶው በጣት ውፍረት ይሰበሰባል። አክርማው እንዳይበጠስ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ወስፌው የታችኛውን ዙር ይወጋል፣ አክርማው በቀዳዳው ይገባል፣ ይሳባል፣ እንደገና ይወጋል። ሴቶቹ ተሰብስበው ሲያንጎራጉሩ የስንኙ ማብቂያ ከመሳቡ ጋር ይገጥማል፤ ዜማው የሚረዝመውም የሚያጥረውም በእጁ ልክ ነው። አዲስ የገባችው ልጅ ዜማውን ከሳተች ስፌቷም ይላላል፤ አዋቂዋ ቀና ብላ ሳታይ በጆሮዋ ትይዛታለች። ይህን ሥራ ከዘፈኑ ለይተሽ ጠዋት «የስፌት ሥልጠና»፣ ከሰዓት በኋላ «የሙዚቃ ዝግጅት» ብለሽ ስትከፍዪው ሁለቱንም ታጎድያለሽ። በዕቅድሽ ላይ መጀመሪያ የምሰርዘው ይህን መርሐ ግብር ነው።

አሁን ወደ ሳሩ ልመለስ። አጋርፋና ሲናና የስንዴና የገብስ አገር ናቸው። ብዙው ደጋ በዓመት አንዴ ሲያመርት የእኛ ሰው ሁለቴ ያመርታል፦ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ጋና፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ቦና። በረከት ነው። ነገር ግን ሁለቴ የሚታረስ አገር ማሳው አያርፍም፤ ትራክተር ከመጣ ወዲህ ደግሞ በሬ የማይደፍረው ጠርዝና ረግረግ ሁሉ ታረሰ። አክርማን ከብት እምብዛም አይወደውም፤ ግጦሽ ላይ ከግጦሹ ተርፎ ይቆያል። የሚያጠፋው ማረሻ ነው። ስንደዶውም የሚበቅለው በማሳ ዳርና በተዳፋት ላይ ነበር። ዛሬ አንዲት እናት አንድ ሞሰብ የሚሆን ሳር ለመሰብሰብ የምትሄደውን መንገድ ጠይቀሽ እወቂ። ብዙዎቹ የማዳበሪያ ጆንያ ፈትተው በክሩ መስፋት ጀምረዋል። አልነቅፋቸውም፤ ቀለሙ አይለቅም፣ ወጪም የለውም፣ ያገኙትን ጥበብ ያደረጉ ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ የባሌ ስፌት ሊማር ተቀምጦ የጆንያ ክር ብትሰጪው ምን ትዪዋለሽ?

ስለዚህ የበጀትሽ የመጀመሪያ መስመር ድንኳን መሆኑ ቀርቶ ሳር ይሁን። ለእርሻ የማይመች ተዳፋት በየቀበሌው አለ። ከቀበሌው ጋር ተነጋግራችሁ አንዱን አሳጥሩ፣ ስንደዶና አክርማ ተክሉበት፣ ጥበቃውን ለሰፊዎቹ እናቶች ማኅበር ስጡ። መቼ እንደሚመዘዝ እነሱ ያውቁታል። አናቱ ከወጣ በኋላ፣ ሳይደርቅ ነው የሚወሰደው፤ ያለፈበት ስንደዶ ይሰባበራል። ሥልጠናውንም ከመምዘዙ ጀምሩት። ሳሩን በእጁ መዝዞ፣ አድርቆ፣ ቀለም ነክሮ አለላ ያደረገ ልጅ የሞሰብ ዋጋ ሲነገረው አይከራከርም።

ስለ ዘፈኑም የምልሽ አለ። ከዝግጅቶቹ መካከል «የአውድማ ዘፈን» የሚል አይቻለሁ። እኔ አውድማ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። በበሬ እየተበራየ፣ ጅጊ የወጣው ሰው ምርቱን ወደ ነፋስ እየበተነ፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል እናድር ነበር። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ተስፋፉ፣ ኮምባይነር መጣ፣ ቆይቶም ገበሬው ራሱ እየተከራየ ማጨድና መውቃት ለመደ። ከአውድማው ጋር ዘፈኑም ሄደ። ኮምባይነርን አትውቀሺ፤ አውድማን የሚናፍቀው ወገቡን አሞት የማያውቅ ሰው ነው። ግን ያለ አውድማ የአውድማ ዘፈን መድረክ ላይ ስታወጪ ሽማግሌዎቹ ኮፍያ አጥልቀው በሬ በሌለበት በሬ ሲነዱ ልጆች ይስቁባቸዋል። ለዚህኛው የሚሻለው ሌላ መንገድ ነው፦ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ በጥሩ መቅረጫ አስቀርጺ፣ ግጥሙን አስጽፊ፣ አንዱን ቅጂ ሮቤ ያለው መደወላቡ ዩኒቨርሲቲ ያስቀምጥልሽ። ከዚያ ተዪው።

ያልሞቱት ይበቁሻል። ቅል እየተናጠ የሚንጎራጎረው አለ። የሠርጉ አለ፤ የፈረሱ አለ፤ የአርሲና የባሌ ሴቶች ጸጉራቸውን ለቀው አንገታቸውን የሚመቱት ጭፈራ አለ፣ ማንም አስተማሪ መድቦ ያላቆየው። እነዚህ ከሥራና ከድግስ ጋር እንዳሉ ናቸው። የወተቱን ቅል ብቻ ብትወስጂ የግማሽ ቀን ትምህርት ይወጣዋል፦ እንዴት እንደሚፈለፈል፣ ለምን በወይራ ጭስ እንደሚታጠን፣ ያልታጠነ ቅል እርጎውን እንዴት እንደሚያበላሽ። ቢጫ ጀሪካን ርካሽ ነው፣ ግን የወይራ ሽታ አይሰጥም፤ ይህን ለእንግዳው ማስረዳት አያስፈልግሽም፣ አቅምሺው።

ጊዜውን ደግሞ ተመልከቺ። «ጸደይ» ብለሽ መጋቢትን መርጠሻል። መጋቢት ባሌ ላይ የጋና ዘር መዝሪያ ነው፤ አርሶ አደር የሚባል ቤቱ አይገኝም። ከዚያም በላይ ሁዳዴ ነው። ክርስቲያኑ በሁዳዴ ሠርግ አይደግስም፣ ቤተ ክርስቲያንም ከበሮዋን ታሳርፋለች። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች የካቲት ውስጥ በቀናት ልዩነት ነው የገቡት። በጾመኛ አገር መካከል ድምፅ ማጉያ ተክለሽ ጭፈራ ስትጀምሪ ሰዉ ዝም ይልሻል፣ ግን አይመጣልሽም። ፋሲካና ዒድ ይለፉ፣ ዘሩም ይግባ፤ ዳግማ ትንሣኤ አልፎ ሠርጉ ሲከፈት ያኔ ጥሪ። ተከታታይ 3 ቀንም አትበዪ። ለእናቶች የሚመቻቸው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በተራራቁ ቀናት ብታደርጊው ከብቱም ይታለባል፣ ልጁም ይበላል፣ ሞሰቡም በሥልጠናው መካከል ያድጋል።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለ። በሠልጣኞች ሥራ ዝርዝር ውስጥ «ሲንቄና ኡሌ ሠርቶ ለጎብኚ መሸጥ» ብለሻል። ይህን አውጪ። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት በትር ናት። ሁለት ሰው ሲጋደል ሴት ሲንቄዋን ይዛ መካከል ከገባች ጠቡ ይቆማል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ፣ ክብሩ እንዲህ ያለውን ሕግ ይዞ ነው። ሹካ መሳዩ የኡሌ በትርም ወደ ዲሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱ ተሳላሚዎች የሚይዙት ነው፤ ባህሮ የሚሉት ዜማም የሚዜመው በዚያው መንገድ ላይ ነው። የበልግ ኢሬቻም ተራራ ላይ ወጥቶ ዝናብና ሰላም የሚለመንበት ነው። እነዚህን ለእንግዳው በአክብሮት ንገሪ፣ ማሳየት ከተፈቀደ አሳዪ፣ ዋጋ አትለጥፊባቸው። የሚሸጥ ከፈለግሽ ሞሰብ አለ፣ ሙዳይ አለ፣ ወፍራም ጋቢ አለ፣ የሀረና ማር አለ።

ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ ደግሞ አየሁ። ለአስተባባሪ አበል፣ ለአሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጓጓዣ፣ ለእናቶቹ «የሻይ»። አይሆንም። ዕድሜዬን በገበሬ ሥልጠና ሥራ ላይ ነው የፈጀሁት፤ አጋርፋም ራሷ በደርግ ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ ገበሬ ተሰብስቦ የሚሠለጥንባት፣ ኋላም የግብርና ኮሌጅ የሆነላት አገር ናት። ያየሁትን ልንገርሽ፦ ሠርተፍኬት ይዞ ወደ ቤቱ የሄደው ሁሉ ሥራ አልያዘም፤ መሣሪያውን ይዞ፣ ገዢውን አውቆ የሄደው ያዘ። አንድ ድርጅት እናቶችን ሰብስቦ ስፌት አሠልጥኖ፣ ቲሸርት አልብሶ ሲሄድ አይቻለሁ። ያሠለጠናቸው ከእነሱ በታች የሚሰፋ ሰው ነበር። ሳቁ፣ አበሉን ተቀበሉ፣ ሄዱ።

አስተማሪዎቹ እናቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ እንደ አስተማሪ ይከፈላቸው። ሐረር ላይ ልጃገረዶች አዋቂዋ ሴት ቤት ተሰብስበው ስፌት የሚማሩበት «ሞይ ጋር» የሚሉት ልማድ ነበራቸው፤ ትምህርቱ ባለሙያዋ ቤት እንጂ አዳራሽ አልነበረም። ጃፓኖች በ1940ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ሕግ አውጥተው ትልልቅ የእጅ ባለሙያዎቻቸውን በመንግሥት ደረጃ ያከብራሉ፣ ተተኪ እንዲያሠለጥኑም በየዓመቱ ገንዘብ ይከፍላሉ። እኛ ዘንድ ግን ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን መስደብ ባህል ሆኖ ኖሯል፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፣ ሸክላ ሠሪ ግን ዛሬም ልጇን ለጎረቤት መዳር የሚቸግራት ቦታ አለ። ሥልጠናሽ ውስጥ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን ካላስገባሽ፣ ወይ አስገብተሽ ዳር ካስቀመጥሻቸው፣ የባህል ሥራ ሠራሁ አትበዪ። ምሳውን ከሁሉም ጋር አንድ ገበታ ይብሉ። ይህ ከመድረኩ ይበልጣል።

የቲክቶኩንም ነገር አስቢበት። ሴቶቹ ሲያንጎራጉሩ ግጥሙን እዚያው ያፈልቁታል፤ ባል ይነካል፣ አማት ይነካል፣ የቀበሌ ሹምም አይቀርለትም። በመካከላቸው ሲሆን ሳቅ ነው። በስልክ ተቀርጾ ሮቤ ገበያ ሲደርስ ግን ጠብ ይሆናል፣ በማግስቱም አፏን ከፍታ የምትዘፍን ሴት አታገኚም። ከመቀረጹ በፊት ጠይቂ፤ ተቀርጾም አሰሚያቸው፤ «ይህን አውጪ» ያሉትን አውጪ። የዘፈኑ ባለቤት እነሱ መሆናቸውን በወረቀት አስፍሪ። ሌላ ሰው አንድ ቀን በስቱዲዮ አሳምሮ በስሙ ሲያወጣው ቢያንስ የምትይዢው ማስረጃ ይኖርሻል።

ረቂቁን በዚህ ዐይን አስተካክይና መልሰሽ ላኪልኝ። ለተዳፋቱ መሬት ጥያቄ ወደ ቀበሌ ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ፤ እናቶቹን አስቀድሚ፣ እኔም ዱላዬን ይዤ ከኋላ እመጣለሁ። ገንዘቡ ተቆርጦ ግማሹ ብቻ ከተገኘ ድንኳኑን ሰርዢ፣ ሳሩንና የእናቶቹን ክፍያ እንዳትነኪ።