የሆድ ሲሶ



ክብደት ልትቀንሱ ወስናችኋል። እዚህ ሺሺንዳ እናት ቆጮውን ቆርሳ «ጨምሩ እንጂ፣ ምን በላችሁ?» ስትልስ? እምቢ ብትሉ ቅር ይላታል፤ ብትበሉ ውሳኔያችሁ ይቀራል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መብላት ግድ ከሆነ ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ ይሁን ብለው መክረዋል። ሰውነት አማና ነው፤ እናትም ሐቅ አላት። ሁለቱ ግን አይጣሉም። እናት ደስ የሚላት ከማዕዷ ስትቀመጡ ነው፤ ሆዳችሁ እስኪወጠር መብላት ግዴታ አይደለም።

ስለዚህ ከማዕዱ አትቅሩ። ቆጮውን ቀነስ፣ ጎመኑን በዛ አድርጉ፤ ቡናውን ያለ ስኳር ጠጡ። ወደ መስጂድ ባጃጁን ትታችሁ ዳገቱን በእግር ውጡ። ከበዳችሁ? አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው ነው። ኒያችሁን አሳምሩ፤ ዛሬ በአንድ ጉርሻ ጀምሩ።

አላህ ያግራልን። መልካም ጁመዓ!