የመንገደኛ ዕዳ

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የቁምስናችን ወጣቶች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሡልናል። በሕዝብ አውቶቡስ፣ በጥቂት ብር፣ አንድ ቦርሳ ብቻ አንግቶ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በመውረድ ግድቡንና በሐይቁ ላይ ብቅ ያሉትን ደሴቶች ማየት ይቻል እንደ ሆነ ይጠይቁናል። ምኞቱ መልካም ነው፤ አገርን ማወቅ የባለጸጋ ድርሻ ብቻ ሊሆን አይገባምና። ይሁን እንጂ ከዚህ ጥያቄ ሥር ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በጥቂት ገንዘብ በተጓዝን ጊዜ የቀረውን ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው? የሚለው ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከራሳችን እንጀምር። በ1999 ዓ.ም. ገና የዘርአ ክህነት ተማሪ ሳለን ከአንድ የትምህርት ጓደኛችን ጋር ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ ተጓዝን። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ የሚያልፈው መንገድ ያን ጊዜ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። በሁለተኛው ቀን ባምባሲ ሳንደርስ አውቶቡሱ ተበላሸና መሸብን። አንድ የበርታ ሽማግሌ ፋኖስ ይዘው መጥተው ግድግዳው ከቀርከሃ ወደ ተሠራው ቤታቸው ወሰዱን። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር አቀረቡልን፤ መኝታቸውንም ለቀቁልን። እርሳቸው ሙስሊም ነበሩ፤ የክህነት ተማሪዎች መሆናችንን ሲሰሙ ፈገግ ብለው፣ «እንግዳ የፈጣሪ ነው» አሉን። በማለዳ አመስግነን ሄድን። ከተመለስን በኋላ ለጓደኞቻችን የተረክነው ግን ጉዞው በምን ያህል ትንሽ ገንዘብ እንዳለቀ ነበር፤ እንደ ጀብዱም ቆጠርነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለን። በዚያች ሌሊት የቤቱ ልጆች ከእኛ ጋር አልበሉም፤ በጓዳው በር ቆመው ገበታው ባዶ እስኪሆን ይመለከቱን ነበር። እኛ ቁጠባ ያልነው የእነርሱ እራት ነበር።

እንግዲህ ቁጠባ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መንገደኛው ከገዛ ምቾቱ የሚቀንሰው ነው፤ በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ይንገጫገጫል፣ ቆሎ ቆርጥሞ ይውላል፣ በእግሩ ይሄዳል። ሁለተኛው ከሌላው የሚቀንሰው ነው፤ በአሶሳ ገበያ ማንጎ ዘርግታ የተቀመጠችውን እናት እስከ መጨረሻዋ ብር ይከራከራታል፣ በድኻ ቤት ጠግቦ ያድርና ምንም እንዳላወጣ ይናገራል። የመጀመሪያው መልካም ምግባር ነው። ሁለተኛው ግን የድህነትን ልብስ የለበሰ ስስት ነው። የድኻ እጅ ባዶ የሚሆነው ስለሌለው ነው፤ የእኛ እጅ ባዶ የመሰለው ግን ስለ ጨበጥነው ነበር።

ምናልባት፣ «መስተንግዶ ስጦታ ነው፤ ዋጋ ከተተመነለት ይረክሳል» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት አለው፤ ለሽማግሌው ገንዘብ ዘርግተን ቢሆን ኖሮ ባስቀየምናቸው ነበር። ነገር ግን ለስጦታ ዋጋ አለመክፈልና ለስጦታ ምላሽ መንፈግ አንድ አይደሉም። ሐዋርያው ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ ወደ ማልታ ደሴት በወጣ ጊዜ ባዶ እጁን የነበረ፣ ያውም እስረኛ መንገደኛ ነበር። የደሴቲቱ ሰዎች በዝናብና በብርድ መካከል እሳት አንድደው ተቀበሉት። እርሱ ግን ተቀምጦ መሞቅን ብቻ አልመረጠም፤ ጭራሮ ሰብስቦ ወደ እሳቱ ጨመረ፤ ኋላም በእንግድነት የተቀበለውን ሰው አባት ከሕመሙ ፈወሰ።

ስለ ደሴቶቹም ልንል የምንሻው ከዚህ የተለየ አይደለም። አባይ ጣናንና ጥንታውያን የገዳም ደሴቶቹን ትቶ ረጅም መንገድ ከተጓዘ በኋላ በጉባ ወረዳ ግድቡን ያገኛል። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ውኃ መያዝ ጀመረ። ዛሬ ንጋት ተብሎ የሚጠራው ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝ ዐቅም አለው፤ በላዩም ከ70 በላይ ደሴቶች መፈጠራቸውን መንግሥት ገልጿል። እነዚህ ደሴቶች ትናንት ኮረብቶች ነበሩ። በዚያ ሸለቆ የጉሙዝና የበርታ ቤተሰቦች ማሽላ ዘርተዋል፣ ዓሣ አጥምደዋል፣ ወርቅ አጥበዋል፤ ውኃው ሲመጣም ብዙዎች ቀያቸውን ለቀው በሌላ ስፍራ ሰፍረዋል። ስለዚህ ከደሴቶቹ አንዱን አይቶ፣ «ሰው ያልደረሰበት ምድር አገኘሁ» የሚል መንገደኛ ተሳስቷል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ካለው ከዚህ ግድብ መብራት የምናገኝ ሁላችንም ብንሆን፣ ጉዞ ሳንወጣ እንኳ የእነዚያ ቤተሰቦች ባለ ዕዳዎች ነን።

ታዲያ ወጣቶቻችን አይሂዱ እንላለንን? አንልም። በምዕራብ ወለጋና በመተከል ባለፉት ዓመታት የደረሰውን ግጭት አስበው የመንገዱን ሰላም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከዚያም ይሂዱ። ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና ቋጥረው ይያዙ። የማንጎዋን ዋጋ ሳይከራከሩ ይክፈሉ። ገበታ ሲቀርብላቸው ልጆቹ መብላታቸውን ይጠይቁ። ኮረብታው ደሴት ሳይሆን በፊት ምን ተብሎ ይጠራ እንደ ነበረ፣ ማን ይኖርበት እንደ ነበረ ከአገሩ ሰው ይስሙ።

ከሁሉ በላይ ያሳደራቸውን ሰው ስም ይያዙ። እኛ ያን ቤት ተመልሰን አላየነውም፤ የሽማግሌውን ስም እንኳ ሳንጠይቅ ነበር የወጣነው። ጉዞው ስንት ብር እንደ ፈጀ ግን እስከ ዛሬ እናስታውሳለን።